ራመን ቤት ከቤተሰብ ጋር፦ ከሥጋው በፊት ሾርባውን ጠይቁ

የምግብ ዓምድ፤ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ልጁ ወይም እህቱ ውጭ አገር ያለችለት የወሎ ቤተሰብ ብዙ ነው። ለጥየቃ ሲኬድ ደግሞ አንድ ቀን የጃፓን ምግብ ቤት መግባት እየተለመደ መጥቷል። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልድያ፣ ከከሚሴና ከሐይቅ የደረሱን ጥያቄዎች በዚሁ ላይ ያተኮሩ ስለሆኑ የዚህን ወር ዓምድ ለራመን ሰጥተነዋል። ለማያውቁት፦ ራመን በትኩስ ሾርባ የሚቀርብ የስንዴ ኑድል ነው። ጎድጓዳው ሳህን ሥር "ታሬ" የሚባል ጨዋማ ማጣፈጫ ይደረጋል፤ ሾርባው በላዩ ይፈስበታል፤ ኑድሉ ይገባል፤ ጥቂት ዘይት ጠብ ይደረግበትና ሥጋው፣ እንቁላሉና ባሮ ሽንኩርቱ ከላይ ይደረደራል።

ጥያቄ፦ ልጄ የሚኖረው ጃፓን ነው። ልጠይቀው ልሄድ ነው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ባለቤቱ ሙስሊም ናት። ሁላችንም አንድ ማዕድ ብንቀርብ ደስ ይለኛል። ልጄ ግን "ራመን ላይ አሳማ ካለ ሥጋውን አውጥታችሁ ትበላላችሁ" ይላል። ይሆናል? ረቡዕና ዓርብስ ምን ልብላ? (እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ ልጅዎ በቅንነት ነው ያሉት፤ ነገር ግን አይሆንም። በራመን ውስጥ አሳማው ብዙ ጊዜ ያለው ከላይ በተደረደረው ሥጋ ብቻ አይደለም፤ ሾርባው ራሱ ነው። "ቶንኮትሱ" የሚባለው ዓይነት የአሳማ አጥንት ለረጅም ሰዓት በኃይል ተንተክትኮ መቅኔውና ስቡ ከውሃው ጋር ተዋህዶ እንደ ወተት የነጣ ነው። ከዚህ ላይ ሥጋውን ቢያነሱት ምንም አይለወጥም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በስሞቹ ነው። ሾዩ፣ ሺዮና ሚሶ የሚሉት ስሞች የሚናገሩት ስለ ጨው ምንጩ ነው፤ ሾዩ በሶይ ሶስ፣ ሺዮ በጨው፣ ሚሶ በተብላላ የአኩሪ አተር ሊጥ የተጣፈጠ ማለት ነው። ሾርባው ከምን አጥንት እንደተሠራ ግን አይናገሩም። ሚሶ ራመን "የአኩሪ አተር ነው" ተብሎ ቢነገርዎ ሥሩ የአሳማ ሾርባ ሊሆን ይችላል። በሳፖሮ ዓይነት ሚሶ ደግሞ ሙቀቱ እንዳያመልጥ ከላይ የሚንሳፈፈው ስብ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ነው።

ስለዚህ ከመቀመጣችሁ በፊት ሦስት ነገር ይጠየቅ። አንደኛ፣ ሾርባው የምን አጥንት ነው? ሁለተኛ፣ ከላይ የሚፈሰው ስብ የምንድን ነው? ሦስተኛ፣ ታሬው ውስጥ ሳኬ ወይም ሚሪን አለ? ሁለቱም ከሩዝ የሚሠሩ ናቸው፤ ሳኬ የሚጠጣ አልኮል ነው፣ ሚሪን ደግሞ 14 ከመቶ ገደማ አልኮል ያለው ጣፋጭ ማጣፈጫ ነው። ለምራትዎ ሦስተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው እኩል ነው። በጃፓንኛ "ቡታኒኩ ዋ ሃይቴ ኢማስ ካ" ማለት "የአሳማ ሥጋ አለው ወይ" ማለት ነው። ከዚህ የሚሻለው ግን ልጅዎ ሦስቱንም ጥያቄ በጃፓንኛ ወረቀት ላይ ጽፈው እንዲይዙ ነው፤ አስተናጋጁ ወረቀቱን ለማብሰያው ያሳየዋል፤ መልሱም ከማብሰያው ይመጣል።

ሁላችሁንም በአንድ ጠረጴዛ ለማስቀመጥ ቀላሉ መንገድ የሐላል የምስክር ወረቀት ያለው ራመን ቤት ነው። በትልልቅ ከተሞች ይገኛል፤ ሾርባው የዶሮ ወይም የበሬ ነው። እርግጥ ነው፣ በእኛ አገር ልማድ ክርስቲያን የእስላም ሥጋ፣ እስላም የክርስቲያን ሥጋ አይበላም። ይህ የሚያሳስብዎት ከሆነ አትክልት ብቻ የሚያቀርብ ራመን ቤት ይምረጡ፤ እዚያ የሥጋው ጥያቄ ራሱ አይነሳም፤ የጾሙም ነገር መልስ ያገኛል፤ የሳኬውንና የሚሪኑን ጥያቄ ግን ይጠይቁ። በቶኪዮ ባቡር ጣቢያ ውስጥ፣ ከቲኬት መቆጣጠሪያው ወደ ውስጥ ያለው ቲስ ታንታን ከእንስሳት የሚገኝ ነገር በማይገባበት የሰሊጥ ራመኑ ይታወቃል።

በጾም ቀን አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። በተራ ራመን ቤት "የአትክልት ራመን" የሚል ካዩ አይቸኩሉ። አትክልቱ ከላይ ነው፤ ሥሩ ያው የአጥንት ወይም የደረቀ ዓሣ ሾርባ ነው። ኑድሉም አንዳንድ ቤት እንቁላል ይገባበታል። ዓሣ በጾም የማይበሉ ከሆነ "ካትሱኦቡሺ" እና "ኒቦሺ" የሚሉትን ስሞች ይያዙ፤ የመጀመሪያው ታጥኖ የደረቀ ዓሣ ነው፣ ሁለተኛው የደረቁ ትንንሽ ዓሦች።

ጥያቄ፦ በሩ ላይ "አሳማ የለም" የሚል ጽሑፍ ካየን በቂ ነው? (አንባቢ፣ ከከሚሴ)

መልስ፦ በቂ አይደለም። አሳማ የለም ማለት ዶሮው ወይም በሬው በሐላል ታርዷል ማለት አይደለም፤ በታሬው ውስጥ ሚሪን የለም ማለትም አይደለም። የምስክር ወረቀቱን ማን እንደሰጠው ተመልከቱ። ሌላው የሚዘነጋው ጎን ለጎን የሚታዘዘው ነው፦ ጊዮዛ የሚባለው የተጠቀለለ ሊጥ በአብዛኛው የተፈጨ አሳማ ነው የሚሞላው። ኤዳማሜ፣ ማለትም በጨው የተቀቀለ እሸት አኩሪ አተርና ነጭ ሩዝ ግን ለልጅም ለአዋቂም አያሳስቡም።

ጥያቄ፦ ከሦስት ልጆች ጋር ነው የምንሄደው። በር ላይ የቲኬት ማሽን አለ ተባልን። እንዴት ነው? አንድ ሳህን አዘን ለልጆቹ ብናካፍልስ? (አባት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ማሽኑ ቀላል ነው። ገንዘብ ይገባል፤ የሚፈለገው ቁልፍ ይጫናል፤ ቲኬቱ ይወርዳል፤ መልሱን ትወስዳላችሁ፤ ቲኬቱን ለአስተናጋጁ ትሰጣላችሁ። መልስ ራሱ ካልወረደ የመልስ ማውጫውን መጫን ነው። አሮጌዎቹ ማሽኖች ከወረቀት ገንዘብ የሚቀበሉት ባለ 1000 የኑን ብቻ ስለሆነ ዝርዝር ያዙ። አንድ ሳህን 1000 የን አካባቢ ነው፤ ሥጋና እንቁላል ሲጨመር ከፍ ይላል። ምን እንደሚያዝ የቸገረው ሰው የላይኛውን የግራ ቁልፍ ይጫን፤ ቤቱ የሚታወቅበት ምግብ ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው። አሳማን የሚተው ግን እንዲህ አይጫን፤ መጀመሪያ ይጠይቅ። ጉርሻ መስጠት በጃፓን የለም፤ ገንዘብ ትታችሁ ብትወጡ ረስታችሁ መስሏቸው ሊከተሏችሁ ይችላሉ።

ልጆች ካሉ ከሁሉ በፊት የቤቱን ዓይነት ለዩ። ብዙው ራመን ቤት ጠባብ ነው፤ ሰው በባንኮኒ ላይ ተደርድሮ፣ በፍጥነት በልቶ የሚነሳበት ነው። አምስት ሰው አንድ ላይ አይቀመጥበትም። ለእናንተ የሚሆነው ጠረጴዛ ያለውና የልጅ ሳህን የሚያቀርበው ነው። ከምሳ ሰዓት ግፊያ በፊት ወይም በኋላ ግቡ።

ማካፈሉን በተመለከተ፦ እኛ ከአንድ ትሪ ስለምንበላ አንድ አዞ መካፈል ተፈጥሯዊ ይመስለናል። እዚያ ግን ብዙ ቤቶች እያንዳንዱ አዋቂ አንድ ሳህን እንዲያዝ ይፈልጋሉ። ለትንንሽ ልጆች ማካፈል ይፈቀዳል፤ "ቶሪዛራ" ብላችሁ ትንሽ ሳህን ጠይቁ። መጀመሪያ ኑድሉን አውጡላቸው፤ ሾርባውን በማንኪያ ጨምሩ። ይህ ለጥንቃቄም ነው። ከላይ ያለው ዘይት ሙቀቱን አፍኖ ስለሚይዝ ሾርባው እንፋሎት ሳያሳይ አፍ ያቃጥላል። ሳህኑን ከልጅ ደረት ፊት አታስቀምጡት። ከሳህኑ ላይ ፎቶ እያነሱ መቆየትም አይጠቅምም፤ ቀጭን ኑድል በሾርባ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ ያብጣል፣ ይልፈሰፈሳል።

ጥያቄ፦ አባታችን ጥርሳቸው ደካማ ነው፤ ደም ግፊትም አለባቸው። በዚያ ላይ በጩኸት መምጠጥ ግድ ነው ሲባል ሰምተው "ይህማ ነውር ነው፣ አልሄድም" ብለዋል። (እህትማማቾች፣ ከወልድያ)

መልስ፦ አባባን እንዲህ በሏቸው፦ መምጠጥ ይፈቀዳል እንጂ ግድ አይደለም። ሰዎቹ የሚመጥጡት ኑድሉ ከአየር ጋር ሲገባ ስለሚቀዘቅዝና መዓዛው ወደ አፍንጫ ስለሚወጣ ነው። በዝግታ፣ ጥቂት ጥቂት በማንኪያ ላይ እያስቀመጡ ቢበሉ የሚታዘባቸው የለም። ሹካ ቢጠይቁም ነውር የለውም። በጃፓን ነውር የሚሆነው ሌላ ነው፦ እንጨቶቹን ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጎ መትከልና ምግብ ከእንጨት ወደ እንጨት መቀባበል። ሁለቱም የቀብር ሥርዓት ናቸው። በእንጨት ጉርሻ ልስጥ ማለት ስለማይሆን ሳህናቸው ላይ አስቀምጡላቸው።

ለጥርሳቸው ኑድሉን "ያዋራካሜ" ብላችሁ እዘዙ፤ ለስለስ ያለ ማለት ነው። "ካታሜ" ጠንከር ያለ ነው። ሥጋው ደግሞ ቀጭን ተቆርጦ ለረጅም ጊዜ የበሰለ ስለሆነ አያስቸግራቸውም።

የደም ግፊቱ ነገር ግን በዋዛ አይታይም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ አንድ ሳህን ራመን ሾርባው ጭምር ከተጠጣ ብቻውን ይህንን ሊያልፍ ይችላል። አብዛኛው ጨው ያለው ሾርባው ውስጥ ነው። ኑድሉንና ሥጋውን በልተው ሾርባውን ይተዉት፤ መተው ባለቤቱን አያስከፋም። ታሬው እንዲቀነስላቸውም "ኡሱሜ" ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ቀለል ያለ ማለት ነው። ሾርባውም ታሬውም አስቀድመው አንድ ላይ በተደባለቁበት ቤት ግን ይህ አይቻልም፤ ያን ጊዜ ሙቅ ውሃ መጨመር ነው።

ጥያቄ፦ እህቴ ከውጭ ስትመጣ ራመን ሠራሁላት። ሾርባው ውሃ ውሃ አለ፤ ፓስታው ተልፈሰፈሰ፤ እንቁላሉ ደግሞ ከኢንተርኔት ባየሁት 6 ደቂቃ ተኩል ነጩም አልረጋም። የት ተሳሳትኩ? (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

መልስ፦ ከእንቁላሉ እንጀምር፤ ስህተቱ ያንቺ አይደለም፤ የከፍታው ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ነው። 6 ደቂቃ ተኩል የተባለው በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት አገር ነው። በደሴ ትልቁ የፈረንጅ እንቁላል ከ8 እስከ 8 ደቂቃ ተኩል ይፈልጋል፤ ትንሹ የሐበሻ እንቁላል 6 ደቂቃ ተኩል ይበቃዋል። ዝቅ ወዳለችው ኮምቦልቻ ከወረድሽ ለፈረንጁ 7 ደቂቃ ተኩል በቂ ነው። ውሃው ከፈላ በኋላ ነው እንቁላሉ የሚገባው፤ እንደወጣ ወዲያው በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይነከር፤ አለበለዚያ በራሱ ሙቀት አስኳሉ ይደርቃል። ከዚያ ተልጦ በ100 ሚሊ ሊትር ሶይ ሶስ፣ በ200 ሚሊ ሊትር ውሃና በ2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ድብልቅ ውስጥ ፍሪጅ ገብቶ ይደር። ሶይ ሶሱን ብቻውን ካደረግሽው ነጩ እንደ ጎማ ይደርቃል።

አሁን ወደ ሾርባው። ውሃ ውሃ የሚለው ሥጋ ብቻ ሲቀቀል ነው። ለሾርባ ክብደት የሚሰጠው ከቆዳ፣ ከጅማትና ከመገጣጠሚያ የሚወጣው ነገር ነው፤ ለዶሮ ወጥ የማንጠቀምበት የዶሮ እግር ለዚህ ወርቅ ነው። የእግሩን ቆዳ ለ30 ሰከንድ በፈላ ውሃ ነክረሽ ላጪው፤ ጥፍሩን ቁረጪ። 2 ኪሎ አጥንት፣ ክንፍና እግር አንድ ላይ በቀዝቃዛ ውሃ ጥደሽ፣ ከፈላ ከ5 ደቂቃ በኋላ ውሃውን ድፊው፤ አጥንቱን አንድ በአንድ እጠቢ። ይህን የዘለለ ሰው ሾርባው ግራጫ ይሆንበታል፤ የደም ሽታም ይይዛል። ከዚያ በ4 ሊትር ንጹሕ ውሃ እንደገና ጣጂ።

እዚህ ላይ መንገዱ ሁለት ነው። ጥርት ያለ ሾርባ ከፈለግሽ እሳቱ አንሶ ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ብቻ 5 ሰዓት ይቆይ፤ አትክደኚው፣ አታማስይው። የነጣ ወፍራም ሾርባ ከሆነ ምርጫሽ ግን በኃይል ይንተክተክ፤ ስቡና ውሃው የሚዋሐደው በግፊያ ነው። በደሴ ከፍታ አጥንት ቶሎ ስለማይፈታ ፕሬሸር ኩከር ብዙ ያግዛል፦ 1 ሰዓት ተኩል በግፊት፣ ከዚያ ክዳኑ ተከፍቶ 30 ደቂቃ በትልቅ እሳት። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት መጨረሻው 1 ሰዓት ላይ ይግቡ፤ ቀድመው ከገቡ መዓዛቸው ይጠፋል። ሲጣራ 2 ሊትር ተኩል ያህል ካገኘሽ ለሰባት ወይም ለስምንት ሰው ነው። ፍሪጅ ውስጥ አድሮ እንደ ጄሊ ከረጋ በትክክል ሠርተሻል።

ጨው ድስቱ ውስጥ አይግባ። ሾርባው እየመነመነ ሲሄድ ጨውነቱ እየበረታ ይሄዳል፤ ማረምም አይቻልም። ታሬውን ለብቻ ሥሪ፤ ለአምስት ሳህን፦ 100 ሚሊ ሊትር ሶይ ሶስ፣ 50 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 2 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የተደቆሰ ነጭ ሽንኩርት፤ ሳይፈላ 10 ደቂቃ ይሙቅ። በእያንዳንዱ ሳህን ሥር 30 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 2 የሾርባ ማንኪያ አድርገሽ 300 ሚሊ ሊትር ሾርባ አፍስሺበት። ሳህኑ ቀድሞ በፈላ ውሃ ይሙቅ፤ በደሴ ብርድ ቀዝቃዛ ሳህን ራመኑን ገና ሳይበላ ይገድለዋል።

ፓስታው የተልፈሰፈሰው የራመን ኑድል ስላልሆነ ነው። የራመን ሊጥ "ካንሱይ" በሚባል የሶዲየምና የፖታሲየም ካርቦኔት ውሃ ይቦካል፤ ብጫ ቀለሙና ጠንካራነቱ ከዚያ ነው የሚመጣው። ቀላሉ ዘዴ ቀጭን ስፓጌቲን በ2 ሊትር ውሃና በ2 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ መቀቀል ነው። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፤ ሱቅ ስትጠይቂ ሶዳውን ለይተሽ ጠይቂ። አረፋው ስለሚገነፍል ድስቱ ትልቅ ይሁን። ጠንከር እንዳለ አውጪው፤ በሙቅ ውሃ አለቅልቂው፤ ካላለቀለቅሽው የሳሙና ጣዕም ይተዋል።

ራስሽ ልትሠሪው ከወደድሽ ቤኪንግ ሶዳውን በትሪ ዘርግተሽ በ130 ዲግሪ ምድጃ ለ1 ሰዓት ጋግሪው፤ ወደ ሶዲየም ካርቦኔት ይለወጣል። ቆዳ ስለሚያቃጥል በባዶ እጅ አትንኪው። 400 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 150 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 4 ግራም ጨውና 4 ግራም የተጋገረ ሶዳ በቂ ነው። ሶዳውንና ጨውን ውሃው ውስጥ አሟሚያቸው። ሊጡ ፍርፍር ብሎ "ውሃ አነሰው" ያሰኛል፤ አትጨምሪበት። በላስቲክ ሸፍነሽ 30 ደቂቃ አሳርፊው፤ ከዚያ በፓስታ ማሽን ደጋግመሽ አሳልፊው። ውሃ የተጨመረበት ሊጥ ይጣበቃል፤ ሲቀቀልም ይቀልጣል።

በርበሬ ሾርባው ውስጥ አታድርጊ። በርበሬያችን ከኮረሪማውና ከሌላው ቅመም ጋር ሲገባ ራመኑን ወደ ወጥ ይወስደዋል፤ የአምስት ሰዓት ድካም ይሸፈናል። የሚያቃጥል የሚወድ ሰው ካለ በዘይት የሞቀ፣ ቅመም ያልገባበት ሚጥሚጣ ለብቻ በትንሽ ሳህን አቅርቢለት።

ጥያቄ፦ የሐይቅ ዓሣ ለዚህ ይሆናል? (አንባቢ፣ ከሐይቅ)

መልስ፦ በጣም ይሆናል፤ የቆሮሶ አጥንትና ጭንቅላት ጥሩ የሺዮ ሾርባ ይወጣዋል። ስንጥቡ ግን ፈጽሞ ይውጣ፤ ምሬቱ ከእሱ ነው። የዓሣ አጥንት እንደ ዶሮ አይደለም፤ በዝግተኛ እሳት 30 ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ከቆየ ይጎመዝዛል።

ጥያቄ፦ በጾም ቤት ውስጥ የሚሠራ ራመን ንገሩኝ። ለሁለት ሰው። (ከወልድያ)

መልስ፦ የሰሊጥ ራመን ይሥሩ። ጃፓኖች ታንታንመን የሚሉት ራመን በተፈጨ ሰሊጥ ነው የሚሠራው፤ የእኛ ሰሊጥ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። ሾርባው፦ አንድ እፍኝ የደረቀ እንጉዳይ ከተገኘ፣ ካልሆነ ትኩሱ፤ አንድ ቀይ ሽንኩርት ለሁለት ተከፍሎ በደረቅ መጥበሻ እስኪጠቁር የተጠበሰ፤ አንድ ካሮት፤ ቁራጭ ዝንጅብል፤ 1 ሊትር ውሃ፤ 40 ደቂቃ በዝግታ። ጥቅል ጎመን አይግባበት፤ ሲቆይ ሽታው ይከብዳል።

4 የሾርባ ማንኪያ ሰሊጥ በቀስታ ቁሉት። ቀለሙ ወርቃማ እንደሆነ ወዲያው ከእሳት ይውጣ፤ መጥበሻው ላይ ከቆየ ይመርራል፤ ምሬቱን የሚያጠፋው ነገር የለም። ትኩሱን ይፍጩት፤ ዘይቱን ይለቃል። በሁለቱ ሳህኖች እኩል ከፍለው፣ በእያንዳንዱ ላይ 1 የሾርባ ማንኪያ ተኩል ሶይ ሶስና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮምጣጤ ጨምረው ይምቱት። ሾርባውን በአንዴ ከገለበጡት ሰሊጡ ተለይቶ እንደ አሸዋ ይዘቅጣል፤ በመጀመሪያ ሁለት ማንኪያ ሾርባ ብቻ ያዋሕዱት፤ ሲለሰልስ 300 ሚሊ ሊትሩን ይሙሉ።

በሥጋው ምትክ የሶያ ሥጋ በሙቅ ውሃ ነክረው፣ ጨምቀው፣ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ደረቅ እስኪል ይጥበሱት። ቆስጣውን ለ30 ሰከንድ ብቻ በፈላ ውሃ ያሳልፉት። ስፓጌቲው እንቁላል የሌለበት መሆኑን ከማሸጊያው ላይ ያንብቡና ከላይ ለደሴዋ አንባቢ በነገርናት በሶዳ ውሃ ይቀቅሉት፤ ወልድያ ከደሴ ዝቅ ስለምትል ትንሽ ቀደም ብሎ ይደርሳል፤ ጠንከር እንዳለ ያውጡት።